ከወገብ በላይ ብቻ

ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው። «በአደባባዩ ላይ ግዙፍ መንኮራኩር ሊተከል ነው» ብሎ ዝም! መንኮራኩር ሲባል ሰው ምን ያስብ? ግማሹ ሰፈር ከአደባባዩ ወደ ጠፈር ሊተኮስ ነው ብሎ ጉድ አለ። ጫማ ሰፊውማ እሳቱ ሱቄን እንዳይበላው ብሎ ቆርቆሮው ላይ ውኃ ሲደፋ ዋለ።

በኋላ የድርጅቱ ሰዎች ሥዕሉን ይዘው መጥተው አስረዱ። ነገሩ ለካ እንደ ጎማ ቆሞ፣ ሰው ጭኖ ቀስ እያለ የሚዞር ነው፤ ሠላሳ ፎቅ ያህላል፣ አርባ የመስታወት ክፍል አለው፣ ጎብኚ ከሩቅ አገር ሳይቀር ይጎርፍለታል። ሰው ይህን ሲሰማ ከጠፈሩ የባሰ ደነገጠ። ሠላሳ ፎቅ! በሰፈሩ ትልቅ የተባለው ቤት አራት ፎቅ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው እዚያው ባለ አራት ፎቁ ቤት ነው። ምድር ቤቱ ላይ መኪናዋን ዘርግታ ትሰፋለች፣ አራተኛው ላይ ከእናቷ ጋር ታድራለች። እናትየው እግራቸው ከከዳቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል፤ አሳንሰር የለም፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን ወርደው አያውቁም። ዓለማቸው አንዲት መስኮት ናት፤ ሰፈሩም «እማማ መስኮት» ይላቸዋል። ከዚያች መስኮት ሆነው የማያውቁት ሰው የለም፣ የሚያውቁት ግን በአናቱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ መመለጥ መጀመሩን ከሚስቱ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው።

ድርጅቱ አንድ ደንብ ነበረው። መንኮራኩሩ በመስኮታቸው አጠገብ የሚያልፍባቸው አራት ቤቶች ሁሉም ካልፈረሙ ነገሩ ይቀራል። ሦስቱ ፈረሙ። የቀረችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት፤ እሷም ሞቼ እገኛለሁ አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ሊያግባባት መጣ።

«እህቴ፣ ዓለም ሁሉ እዚህ ሊመጣ ነው እኮ! አስቢው እስቲ፣ ሁሉም ፀጉር አለው!»

«ላንተ ፀጉር ነው። ለእናቴ ግን ያለቻት መስኮት ናት። ብረት ፊቷ ላይ አስተክዬ ሰማይዋን ላስጋርድባት?»

«ጎብኚ ልብስም ያሰፋል።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ልታስብለኝ ነው? ሂድ ወደ መላጣህ!»

ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። እሷ ግን እናቷን አንድም ቀን አልጠየቀቻቸውም። ምን ብላ ትጠይቅ? «ለእኔ አታስቢ፣ እንደፈለግሽ» እንደሚሏት ታውቃለች፤ ያቺ ቃል ደግሞ አንጀቷን ትበላታለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ድርጅቱ ክሬን አቆመ። የመስታወት ክፍሎቹ በየት በኩል እንደሚያልፉ ለማሳየት አንድ ሠራተኛ በቀይ ቅርጫት ሊወጣ ነው። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች በቁጣ ወጣች። ቀና ስትል ግን ቁጣው አፏ ላይ ቀረ። የክሬኑ ክንድ ተዘረጋ፣ ተዘረጋ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ አለፈ፣ አሁንም አላበቃ! አደባባዩ ላይ ያለ ሁሉ ሥራውን አቆመ። ያ ለፍላፊ ፀጉር አስተካካይ እንኳ ጺሙ በግማሽ የተላጨ ደንበኛ አጠገቡ አቁሞ፣ ምላጩን እንደያዘ ወደ ላይ አንጋጦ ቀረ። «ይሄንን ሁሉ የሰው እጅ ነው የሠራው?» አለች ልብስ ሰፊዋ በሆዷ። እሷ በዕድሜዋ የሠራችው ትልቁ ነገር የሙሽራ ቬሎ ነው፤ እሱም ከነጅራቱ ስድስት ሜትር።

ወዲያው እናቷ ትዝ አሏት። ደንግጠው ይሆናል! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

በሩን ከፍታ ስትገባ ቀዩ ቅርጫት ከታች ብቅ እያለ ነው። መጀመሪያ ቆብ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ በመጨረሻ ሙሉ የሰው ፊት፤ ከመስኮቱ ቢርቅ ስድስት እርምጃ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?» አለ ሰውየው።

 የእናትየው እጅ ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ሄደና ሻሻቸውን አስተካከለ።

«ደህና። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የቁልፍ ሠሪው የመጀመሪያ ልጅ ነኝ።»

«ውይ! ያ አናቱ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ?»

«እሱው ራሱ!»

«እና አሁን ወዴት ነው? ጨረቃ?»

«ትንሽ ወደ ላይ ነው፣ እማማ። ዞሬ እመለሳለሁ።»

ቅርጫቱ ወጣ። እናትየው አንገታቸውን አስግገው ተከተሉት፤ ሰው ከታች ወደ ላይ ካዩ ስንት ዘመናቸው! የጫማው ሶል ደመናው ውስጥ የገባ መሰላቸው። እስኪመለስ አልተነፈሱም።

«መጣ! አንቺ፣ ተመልሶ መጣ እኮ!» አሉ። ሰውየው እጁን አውለብልቦ ወረደ። «መንኮራኩሩ ስንት ክፍል አለው ነበር ያልሽኝ?»

«አርባ። አይዞሽ እማዬ፣ አልፈርምም። ሰማይሽን ማንም አይጋርድብሽም።»

«ሰማይ?» ዞር ብለው አዩዋት። «ሰማይ መቼ እንዴት አደርሽ ብሎኝ ያውቃል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያየሁት አናት ነው፣ ልጄ። ዛሬ ፊት አየሁ።»

 ልብስ ሰፊዋ ስለ እናቷ ከሰፈር ስትሟገት የከረመችው ራሷን ብቻ ጠይቃ ነው። አፈረች።

«ቆመሽ አትይኝ፣ ልብስ ስፊልኝ» አሉ እናትየው። «ከወገብ በላይ ብቻ አሳምሪው። ከወገብ በታች ማን ያየኛል!»

ከሰዓት በኋላ ፈረመች። ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን ሳመው፣ አላፈረም። እሷ ግን ቆማ አላወራችም፤ ካላት ጨርቅ ሁሉ ደማቁን መርጣ ወደ ላይ ወጣች። የእናቷን ልክ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ትከሻ አርባ አንድ። በጠመኔ ምልክት አድርጋ መቀሱን ካነሳች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እስቲ ቀና በይ» አለችና ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ዘረጋች። ሠላሳ ሰባት። ደግማ ለካች፤ ያው ሠላሳ ሰባት ነው። እናቷ በዓይኗ ሥር እንዲህ ሲያንሱ አላየችም።

የጠመኔውን ምልክት በመዳፏ አጠፋችው፣ ከአንገት ጀምራም እየጠየቀች እንደ አዲስ ለካች።

«ኮሌታው እንዴት ይሁን?»

«ቆም ይበል።»

«እጅጌውስ?»

«እሱን ሰፋ አድርጊው» አሉ እናትየው፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ እንዳለ። «ለአርባ ክፍል እጄን ላውለበልብ አይደል?»