የብሎኖቹ ሰልፍ

«ወለሉ ላይ የነበሩትስ?» አለች ባለ ሐዘኗ፣ የጓሮው ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ።

ጎረቤቷ የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች ዞር አለች። «የትኞቹ እቴ?»

«ብሎኖቹ።»

«እነሱንማ ጠርጌ ባልዲ ውስጥ ከተትኳቸው። ለቅሶ ደራሹ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከሚያልቅ ወንበር ላስገባ ብዬ ነው። አንድም አልጣልኩ፣ ባልሽ ይ…» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ባለ ሐዘኗ ግድግዳውን ተደገፈች። ባሏን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጌ መኪና በገመድ አስጎትቶ ግቢ አስገባ። «እሜቴ» አላት። ሚስቱ ደግሞ «ጣውንቴ» አለቻት። ገና በመጣች ሳምንት ሞተሩን ፈታታና እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ተራ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው፣ ወለሉ ላይ አሰለፈው። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ የሰው ፀጉር ከአንገቱ ሳያራግፍ መንገዱ ወደ እሜቴ ነው። ዝገቷን ፈገፈገ፤ በሮቿን ቀባ፤ ወንበሮቿን ቀይ ቆዳ አለበሰ። ሞተሩ ግን አንድ የጎደለ ዕቃ ሲገኝለት ሌላ እየጎደለ ቀረ። የመጨረሻው የተገኘው ባለፈው ወር ነው።

ጓደኛው መካኒኩ፣ «ኧረ ተራውን ጻፈው ሰውዬ!» ሲለው፣ «ወለሉ ላይ ጽፌዋለሁ። መጨረሻ የወጣ መጀመሪያ ይገባል፤ በቃ» ይል ነበር።

እሁድ እሁድ ባልና ሚስቱ ሞተር አልባዋ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መሪውን ይዞ፣ «የት ልውሰድሽ እመቤት?» ይላታል።

«እህቴ ዘንድ።»

«ሩቅ ነው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጊው።»

ታደርገዋለች። እህቷ ቤት ደርሰው፣ በልተው ጠጥተው፣ መንገድ ላይ አምተዋት ይመለሳሉ፤ መኪናዋ ስንዝር ሳትነቃነቅ። «ለከርሞ በእውነት» ይላል ሲወርዱ። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ብሏል።

የቀብሩ ዕለት መካኒኩ ትከሻዋን ይዞ፣ «አይዞሽ፣ እኔ እገጥማታለሁ። እህትሽ ዘንድ ራሴ ነድቼ አደርስሻለሁ» ብሏት ነበር። ሦስቱን ቀን ያቆማት ይኸው ቃል ነው።

መካኒኩ ከለቀስተኛው መሐል ተጠርቶ መጣ። ባልዲውን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

«በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ መግጠም አይቻልም?» አለችው።

«የምን መጽሐፍ! እሜቴ እኮ ከስንት መኪና የተለቃቀመች ናት። ግማሹን ብሎን ራሱ በሞረድ እየሞረደ ነው ያስተካከለው። የቱ የት እንደሚገባ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

ጎረቤቷ ትሪውን መሬት አስቀምጣ ለቅሶዋን ለቀቀችው። «ምነው እጄን በቆረጠው!»

«ተይ፤ እንባሽን ለሱ አድርጊው» አለቻት ባለ ሐዘኗ። ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቤቱ አሁንም የሳሙናና የግራሶ ሽታ አለው፤ የእሱ ሽታ። ባልዲውን ዘቀዘቀችው። መቼም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እያጉረመረመች፣ አንዷን ሳትነካ በመካከላቸው ስትጠርግ የኖረችው እሷ ናት።

«እነዚህ ሁለት ረጃጅሞች በሩ ሥር ነበሩ። የእግር ጣቴን ስንቴ መትተውኛል!»

መካኒኩ ተንበረከከ። «የውሃ ፓምፑ ናቸዋ! እሺ፣ ቀጥሎስ?»

«አንገታቸው የተላጠው አራቱ። ከዚያ ይቺ ባለ ቀለበቷ… አይ፣ እሷ ወደ ውስጥ ናት።»

ወንበር ይዘው የመጡ ሰዎች ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። ጎረቤቷም ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ማቀበል ጀመረች። አንድ መስመር ሞላ። ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ላይ የባለ ሐዘኗ እጅ ቆመ። ሽቦ የተጠመጠመበት አጭር ብሎን ነው። አገላብጣ አየችው፤ አላወቀችውም። መካኒኩም ራሱን ነቀነቀ።

ዞር አለችና፣ ሳታስበው፣ ባሏ በጀርባው ተንጋሎ ይሠራበት ወደነበረው ወደ መኪናዋ ሥር ክንዷን ዘረጋች። ብሎኑ መዳፏ ላይ ነው።

«ይኼስ?» አለች።

ከሥር የሚቀበላት እጅ አልነበረም። እሷ ግን እጇን አልመለሰችም።