በቁሟ የተለቀሰላት

ሰው በገዛ እናቱ ይቀናል? ሕብስት ቀናች። ያውም እንዲህ እንደዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ እንቅልፍ አጥታ፣ ምግብ አስጠልቷት፣ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የአዛውንቶቹን ትራስ ስታራግፍ ትራሱን ሉሉ የምትባል ሴት አድርጋ እየደበደበች ነው የቀናችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕብስት እናት እማማ ትርንጎ ያሉት ጦርነቱ በደረሰባት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ስልክ ከተቋረጠ አምስት ወር አልፎታል። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት የወጣ ሰው ግን፣ ዕድል ከቀናው፣ ኔትወርክ ትንሽ ብልጭ ይልለታል። እማማ ትርንጎ በሰባ ዓመታቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ያንን ዳገት ይወጣሉ። ወጥተው ሚስኮል ያደርጋሉ። ሚስኮሉ የሚገባው ግን ጄኔቭ ከተማ፣ ሻትሌን በሚባል ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ለተቀመጠችው ልጃቸው አይደለም። ዙሪክ ለምትኖረው ለሉሉ ነው። ለሉሉ!

ሉሉ እኮ ዘመድ እንኳ አይደለችም። የጎረቤት ልጅ ናት፤ አጥር ለአጥር አብረው አደጉ፣ ስደቱንም አብረው ወጡ፣ ስዊስ ሲገቡ አንዷን ጄኔቭ፣ አንዷን ዙሪክ መደቧቸው። አለቀ። በቃ ይኸው ነው ዝምድናቸው። አሁን ግን ስለ ሕብስት እናት የሚነገረው ሁሉ የሚመጣው ከሉሉ አፍ ሆነ። «እማማ ጥርሳቸውን አስነቀሉ እኮ!» ብላ ትጽፋለች ሉሉ፤ ደግ ስለሆነች ነው የምትጽፈው፣ ደግነቷ ነው ደግሞ የሚያቃጥለው። «እማማ ከጎረቤታቸው ከወርቅዬ ጋር በአጥሩ ተጣልተው ነበር፣ ታረቁ።» «ቀይዋ ዶሮ ታቅፋለች።»

ሕብስት ይህን ትራም ውስጥ ቆማ ታነባለች። የቱ ጥርስ? የላዩ ነው የታቹ? ስለ እናቷ ጥርስ ሉሉን ከመጠየቅ ሞትን ትመርጣለች፤ ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትመልስና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ትወረውረዋለች።

ለእሷ የተደወለላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ከለቅሶው በኋላ ነበር። በጥር ወር አንዱ የማይረባ ፌስቡክ ላይ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰፈር በከባድ መሣሪያ ወደመ፣ የተረፈ የለም ብሎ ጻፈ። ሕብስት መሬት ላይ ወደቀች። ቶኔ የሚባለው ሰፈር ካለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ሙሉነህ ምእመኑን ይዘው መጡ፣ የፕላስቲክ ወንበር መጣ፣ ድስት ድስቱ መጣ፣ እሷም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጠች። የታችኛው ፎቅ ሰዎች እንኳ አበባ በር ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው፣ በሕይወት! «ደህና ነን» አሉ። ሕብስት ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማችም፤ ጩኸቷ የራሷን ጆሮ ደፈነው። መስመሩ ተቋረጠ።

ሁለተኛ ሲደወልላት እስክሪብቶና ወረቀት ይዛ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ የሚጸልይላቸውን ሰዎች ስም ይፈልግ ነበርና ማን ሞተ፣ ማን ቆሰለ፣ ማን ጠፋ ብላ ስትጠይቅ የተገኘችው ደቂቃ አለቀች። ከዚያ ወዲህ ዝም ነው።

ጄኔቭ ውስጥ ደግሞ ጦርነቱ ማለት ሕብስት ነበረች። የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ባልደረቦቿ ሲያዩዋት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በፈረንሳይኛቸው «ኮራዥ»፣ አይዞሽ፣ ይሏታል፤ ሻይ ስትጠጣ ኮራዥ፣ ስትስቅ እንኳ ኮራዥ። እሁድ እሁድ ፓስተር ሙሉነህ ወደ ፊት ይጠሯትና ሁሉም እጁን ይጭንባታል። መቼስ እውነት እንነጋገር፤ ሰው ሁሉ ሲያዝንልሽ ትንሽ ደስ ይላል። አንድ ቀን የሰፈሩ ማኅበር ስለ አገሯ እንድትናገር ጠራትና «እናቴ ከጓዳ አትወጣም። መሳቅ ረስታለች» ብላ ተናገረች። አዳራሹ አለቀሰ። አንዲት አሮጊት ከራሳቸው አንገት ላይ ሻርፓቸውን ፈትተው አንገቷ ላይ ጠመጠሙላት።

ያን ዕለት ማታ ሉሉ የድምፅ መልእክት ላከችላት። እማማ ትርንጎ ናቸው። የጎረቤታቸው የመልአኩ ልጅ ተዳረች፤ በጦርነቱ ምክንያት ድንኳን አይጣል ተብሎ በግቢው ዛፍ ሥር ተሰርጎ፣ እሳቸው ጨፍረው ጨፍረው ጫማቸው ተገንጥሎ፣ ያንን እየሳቁ ለሉሉ ያወራሉ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ በዚያች በተነቀለችው ጥርስ ቦታ በኩል ትንፋሽ እያመለጣቸው እልል አሉ።

ሕብስት አምስት ጊዜ ሰማችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ አይደል? እናት ስቃለች፣ እናት ጨፍራለች! የመጣባት ግን ቅናት ነበር። እልልታውን ለሉሉ! እኔ እዚህ ስለሷ ሳለቅስ ከርሜ፣ እልልታውን ለሉሉ! የአሮጊቷ ሻርፕ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችው። ቅዳሜ ጠዋት የዙሪክን ባቡር ተሳፈረች።

ሦስት ሰዓት ለሚጠጋው መንገድ ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ሄደች። አንደኛ እንዲህ እላታለሁ፣ ሁለተኛ እንዲህ እላታለሁ። ከጄኔቭ አፍንጫ ሥር ያለችውን ቨርሷን ሲያልፉ ሁለተኛው ላይ ነበረች፤ ዙሪክ ስትደርስ አሥራ አራተኛው ላይ ደርሳ ግማሹን ረስታዋለች።

በሩን የከፈተችላት የሉሉ ልጅ ዮርዲ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚያው የተወለደች። «ታንቴ ሕብስት!» ብላ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ እግሯ ላይ ተጠመጠመች። «ኦማ ትርንጎ ዶሮ አላት! ትንሽ ትንሽ ዶሮ ይመጣል!»

ኦማ! በዙሪኮቹ ጀርመንኛ አያት ማለት ነው። ይቺ ደግሞ አያት አድርጋቸዋለች! ሕብስት የልጅቷን ጉንጭ ሳመች እንጂ ውስጧ ድብን ብሎ ነበር።

ሉሉ ሁለት ትልልቅ የልብስ ቅርጫት መሐል ቆማ ነበር። ሕብስት ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ ደህና ነሽ ወይ ሳትባባል፣ አሥራ አራቱን ሁሉ ትታ አንዱን ብቻ ተናገረች።

«እናቴን መልሺልኝ።»

«ምን?»

«ሰማሽኝ። እናቴን ወስደሽብኛል። ሰው አገኘሁ ብለሽ፣ እናትሽ ስለሌሉ...» እዚህ ላይ ቆመች። የሉሉ እናት ከሞቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ የቀበሯቸውም እማማ ትርንጎ ናቸው።

ሉሉ ቀስ ብላ አንድ አንሶላ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች። «እኔ ደውዪልኝ አላልኳቸውም ሕብስት። እሳቸው ናቸው የደወሉት። ለምን እንደሆነ እሳቸውን ጠይቂ።»

«በምን ልጠይቃት? ሲደወልልኝ አይደል!»

«እሱን እኔ ልነግርሽ አልችልም፣ አደራ ብለውኛል።» ሰዓቷን አየች። «ይኸውልሽ፣ ዛሬ በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚደርሰኝ፤ በአሥር ሰዓት ክፍሉን ካላስረከብኩ የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሴትዮ ወረቀት ትለጥፍብኛለች። ወርጄ ልምጣና እንደፈለግሽ ስደቢኝ።» የደረቀውን ልብስ ቅርጫት ትታ የቆሸሸውን ተሸክማ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ምድር ቤት ኔትወርክ ስለማይሠራ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ትታው ነበር።

አደራ ብለውኛል! ሕብስት እንዴት አትናደድ? እናቷ ከሉሉ ጋር ምስጢርም አላቸው ለካ።

ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። «እማማ ትርንጎ» ይላል፤ ከስሙ ጎን ሉሉ የዶሮ ምስል አድርጋበታለች።

«ሚስኮል!» አለች ዮርዲ እየዘለለች። «ቶሎ እኛ መደወል! እዛ ንፋስ አለ፣ ኦማ ይበርዳታል!» ሕብስት ሳታስብ ስልኩን አነሣች፤ ልጅቷ በትንሽ ጣቷ ተጫነችው።

«ሉሉዬ!»

አይ ያ ድምፅ! «ደህና ነን» ያለው የተሰበሰበው ድምፅ አይደለም፤ ግቢው ውስጥ ሆነው ከማዶ ሰው ሲጠሩ የነበረው፣ ሰፊው የእናቷ ድምፅ ነው። ሕብስት እማዬ ልትል አፏን ከፈተች። ካለች ይህ ድምፅ እንደሚዘጋ ግን በምን እንደሆነ እንጃ፣ ታወቃት።

«አቤት እማማ» አለች። «እንዴት ዋሉ?»

በሕይወቷ እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም።

«ፈለፈለችልሽ! ዘጠኝ! አንዱ ብቻ ነው የገማው። ያቺ ወርቅዬ ዓይኗን እንዳትጥልባቸው ዘንቢል ደፍቼባቸው ነው የመጣሁት!»

ሕብስት ስለ ጫጩት ከእናቷ ጋር ካወራች ስንት ዘመኗ! «ቀለማቸውስ?» አለች።

«ቀለም ትለኛለች! ሦስቱ ጥቁር፣ ሌሎቹ እንደ እናታቸው። አንዱማ እግሩ ላይ ጠጉር አለው፣ ሱሪ የለበሰ ነው የሚመስለው፣ አውራ ከሆነ ጉድ ነው የሚያፈላው...» ሳቁ። ከበስተጀርባ ከሩቅ አንድ ነገር ድው አለ፣ ደግሞ ድው አለ። 

«እማማ! ምንድን ነው እሱ?»

«ምን ይሆናል፣ ያው ነው። ተኩሱን እቤቴም ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ ሉሉዬ። ይሄን ዳገት የምወጣው ተኩስ ላወራ ነው እንዴ?»

ሕብስት ወንበር ስባ ተቀመጠች። መጠየቅ እንደሌለባት ታውቃለች፤ ቅናቷ ግን ዝም አላላትም። «ለሕብስትስ ለምን አይደውሉላትም? ታለቅሳለች እኮ።»

«እሱ ነዋ! ታለቅሳለቻ!» ንፋሱ ድምፃቸውን ወሰደውና መለሰው። «ነግሬሽ የለ። ነጠላ ዘቅዝቃ፣ ሰው ሰብስባ፣ በቁሜ አለቀሰችልኝ። ከተማው ሰምቶ ጉድ አለ። ወርቅዬ ሳትቀር በአጥር ብቅ ብላ ‹ትርንጎ፣ ልጅሽ እርሟን አወጣች አሉ› ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ስቄ አለፍኩት። ሌሊቱን ግን ሰውነቴን ስዳብስ አደርኩ፣ አለሁ የለሁም እያልኩ። በሌላ ቀን ስደውልላት ደግሞ የሟች ስም አስቆጠረችኝ። ልጄ ናት፣ አልቀየማትም። ብቻ ለእሷ ስደውል ሬሳ ነኝ፤ ላንቺ ስደውል ባለ ዶሮ ነኝ።»

ሕብስት አፏን በመዳፏ ያዘች። ያ ሁሉ የፕላስቲክ ወንበር፣ ያ ሁሉ ድስት፣ ያ አዳራሽ ትዝ አላት፤ እነዚያ ሁሉ ሰዎች የእናቷን ሬሳ ነበር ያዩት፤ ያሳየቻቸውም እሷ ናት። አሁን ብታለቅስ ደግሞ ታወቀባት ማለት ነው። ዮርዲ አፏን ከፍታ ታያታለች።

«ሉሉዬ? አለሽ? ዛሬ ድምፅሽ የሕብስቴን መሰለኝ።»

ይኸው! አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ነኝ እማዬ ብትል አለቀ። ከዚያስ? ከዚያ ሁለቱም ያለቅሳሉ፣ ጫጩቶቹ ይረሳሉ፣ ዳገቱም በከንቱ ተወጣ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እማማ» አለች።

«አይዞሽ፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ። እሷም ጉንፋን ሲይዛት እንዲህ ነበር የምትሆነው። ናፍቃኛለች። እንዳትነግሪያት ታዲያ፣ እሱንም ይዛ ታለቅሳለች። ለዮርዲ ያንን ባለ ሱሪውን...»

ተቋረጠ።

ሉሉ ስትመለስ ሕብስት ጃኬቷን አውልቃ የደረቁትን ልብሶች እያጠፈች ነበር። ዓይኗ ቀልቷል።

«ማን ደወለ?» አለች ሉሉ፣ ስልኳን እያየች።

«እማማ ትርንጎ ናቸው። ላንቺ ደውለው ነው።»

ሉሉ ቅርጫቱን አስቀመጠች። አንቱታውን ሰምታለች። «ምን አሉኝ?»

«ዘጠኝ ተፈልፍሏል። አንዱ ሱሪ ለብሷል፣ እሱን ለዮርዲ ሰጥተዋታል መሰለኝ።» ሕብስት አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንቺን ደግሞ ጉንፋን ይዞሻል።»

ሉሉ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። ሊያቅፋት የተነሣ እጇን ሕብስት በክርኗ ገፋችው፤ ቅናቱ አልወጣላትም ነበር፣ እንዲያውም ብሶባታል። ግን ጠየቀች፤ እንደዚያ ቀን አፏ መርሮት አያውቅም።

«ሉሉ፣ ስትደውዪላት መጀመሪያ ምንድን ነው የምትያት?»

«‹ዛሬ ምን ሲሠሩ ዋሉ?› እላቸዋለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ። የቀረውን እሳቸው ያወሩታል።»

ሕብስት ከቅርጫቱ ውስጥ አንዲት የዮርዲ ካልሲ አወጣች፣ ጓደኛዋን ፈልጋ አጣች፣ ያቺኑ አንዷን አጠፈች። «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ፣ እማዬ?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። መሐሉ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

«እንደገና» አለች ሉሉ።