የሚርሲኒ ብጉርና የላምብሮስ አልጋ

ነገ እሑድ የላምብሮስ ሰርግ ነው። ታላቅ እህቱ ሚርሲኒ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ ከመስታወቱ ጋር ተፋጣለች።

"ወይ ጉዴ! ከቀን ሁሉ ዛሬ?"

አንዱ ብጉር ከከንፈሯ ሥር፣ ሌሎቹ ተደርድረው አገጯ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ማን ከልክሎኝ ብሎ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ጉብ ብሏል። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት! በዚህ ዕድሜ ሰው ሽበት ይነቅላል እንጂ ብጉር ያበቅላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚርሲኒ ካቫላ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣ በዚሁ ቤት፣ እንደ ወንድ ልጅ ነው ያደገችው። ሴት መሆኗን ለቤተሰቡ ከተናገረች ቆየች፤ የሴት ሆርሞን መውሰድ የጀመረችው ግን አምና ነው። ሆርሞኑ ገና ከመጀመሪያው ቆዳዋን አሳመረላት። ያ ዕድሜ ልኩን እንደ መጥበሻ ሲያብረቀርቅ የኖረ ፊት ወዙ ደረቀ፣ ጉንጯ ለሰለሰ። እሷ እቴ፣ ምኑን ቻለችው! አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ የገዛ ክንዷን እየዳበሰች ብቻዋን ትስቃለች። ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚቀረጽበት ቤት አብረዋት የሚሠሩትን ሴቶች "እስቲ ንኩኝ፣ እኔ ልሙት ንኩኝ!" እያለች አሰለቸቻቸው። ዳቦ ሻጩ ሽማግሌ ሳይቀሩ ጉንጯን ነክተው ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል።

ታዲያ በነሐሴ ሐኪሟ አንድ አዲስ ክኒን ጨመረችላትና ብዙም ሳይቆይ ብጉሩ ፊቷን ወረረው። ሚርሲኒ እያለቀሰች ደወለች።

"መድኃኒት ሲለወጥ እንዲህ የሚያደርጋቸው አሉ፤ ይረጋል፣ አትደንግጪ" አለቻት ሐኪሟ። "ኮረዳ ሁሉ የሚያልፍበት ነው፤ ላንቺ ዘግይቶ መጣ በይው። ብቻ እንዳትጎረጉሪው። በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ። ደግሞ ስሚኝ፣ ቆዳሽ የድሮው አይደለም፣ ሳስቷል፤ የሚያቃጥል ነገር እንዳታስጠጊው!"

ሰማች? ምን በወጣት! ቅድም እዚሁ መደርደሪያ ላይ፣ ላምብሮስ ጢሙን ሲላጭ የሚረጨውን አልኮል ያለበት ሽቶ አየች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ብጉር ባስቸገራት ቁጥር ይኼንኑ ሽቶ እየረጨች ነበር የምታደርቀው። ያኔ የነበራት ቆዳ የጫማ ቆዳ ነዋ! መዳፏ ላይ አንቆረቆረችና ፊቷን በሙሉ አሸችው።

"እሪሪሪ!"

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑ ሰዎች ቀና ብለው አዩ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አምናለሁ።

አሁን ብጉሯ እንዳለ ሆኖ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቷል። ይኼ ሁሉ ጭንቀት ግን ለመልክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፎቁ ላይ የእግር ኮቴ ይሰማል። የሙሽሮቹ መኝታ ቤት እዚያ ነው። በእኛ ደንብ በሰርጉ ዋዜማ የቤተሰቡ ያላገቡ ሴቶች ተሰብስበው የሙሽሮቹን አልጋ ያነጥፋሉ፤ ይዘፈናል፣ ሩዝ ይበተናል፣ በስኳር የተለበጠ ለውዝ ይረጫል። በማግሥቱ ደግሞ ወንዶቹ ሙሽራውን ያስቀምጡና ይላጩታል፤ ምላጩን ወንድም ካለ ወንድም፣ ከሌለ ሚዜው ይይዛል። ሚርሲኒን ሳምንቱን ሙሉ ማንም አልጠራትም። ላምብሮስ ስለ ምላጩ አላነሣም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጓቸው አክስት ፖሊክሴኒም ስለ አንሶላው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እሷም መጠየቅ ፈራች። "አይሆንም" ብትባልስ? ከሁለቱም ሳትሆን፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ እንደ ተረሳ ጃንጥላ ልትቆም ነው። ይኼ ነው ሲያንገበግባት የከረመው።

በሩ ተንኳኳ።

"ሚርሲኒ! ምነው፣ ማን አረደሽ?" የሚዜው የሳኪስ ድምፅ ነው። ሳኪስ የላምብሮስ የልጅነት ጓደኛ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ወሬው ብዙ፣ እጁ ግን ቡና በጠጣ ቁጥር የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። ቡና ደግሞ ሁልጊዜ ይጠጣል።

"ምንም አልሆንኩም! ሂድ!"

"አልሄድም፣ ተልኬ ነው። ላምብሮስ ነገ ሚርሲኒ ትላጨኝ ብሏል። እውነቱን ነው፣ እኔ ከያዝኩት ሙሽራው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው በፋሻ ተጠቅልሎ ነው። አንቺ ጥርስ ስትቀርጪ የምትውዪ፣ እጅሽ ንቅንቅ አይልም። እሺ በይና ልገላገል!"

ሚርሲኒ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጨረሻ ላይ ጠሯት፤ ግን ወደ ምላጩ። ከወንዶቹ ጋር፣ የወንድም ቦታ ላይ። አፍንጫዋ ላይ ያለው ብጉር የሳቀባት መሰላት። ምንም ከማጣት ይሻላል ብላ አሰበች፤ "እሺ" ልትል አፏን ከፈተች።

"አንተ ወፍራም! ከበሩ ላይ ዘወር በል!"

አክስት ፖሊክሴኒ መጡ። ቁመታቸው ከሳኪስ ክርን አይበልጥም፤ እሳቸው ሲመጡ ግን ሳኪስ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

"ክፈቺ!"

"አክስቴ፣ ፊቴ ተበላሽቷል..."

"የፊትሽን አልጠየቅኩም! ክፈቺ ነው ያልኩት!"

ከፈተች። አክስት ፖሊክሴኒ አገጯን ጨበጡና ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው ሽቶውንም አሸተቱ።

"በአልኮል አሸሽው?"

"አዎ።"

"ደደብ!" አሉ። ከዚያ ብጉሮቹን በሌባ ጣታቸው ሳይነኩ እየጠቆሙ አንድ በአንድ አዩ። የአክስትየው ፊት ቀስ በቀስ ፈካ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ አመለጣቸው።

"እነዚህንማ አውቃቸዋለሁ! አገጭ ላይ፣ እንዲህ ተደርድረው! ሳኪስ፣ ና እይ! አባቷና ሌሎቹ ወንድሞቼ ሁሉ የሚበጉሩት ጀርባቸው ላይ ነበር፤ ላምብሮስም እንደዚያው። የዚህ ቤት ሴት ግን አገጯ ላይ ነው የሚወጣባት። እናቴም እዚህ፣ እኔም እዚህ! እኔ የተዳርኩ ዕለትማ አፍንጫዬም ላይ ነበረኝ፤ ፎቶው ላይ እጄን ፊቴ ላይ ያደረግኩት ዓይን አፋር ሆኜ መሰላችሁ?"

ሚርሲኒ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። እንባው የተቃጠለ ጉንጯን ስለሚለበልባት "ኡ! ኡ!" እያለች ነው የምታለቅሰው።

"አሁን ምን ሆነሽ ነው እዚህ ተቆልፈሽ የምትቀመጪው?" አሉ አክስትየው፣ ሳቁን ወዲያው ወደ ቁጣ ቀይረው። "ልጃገረዶቹ ፎቅ ላይ አንሶላ ይዘው ይጠብቃሉ! የት ገባች እያልኩ ስንት ጊዜ ደረጃውን ወጣሁ ወረድኩ መሰለሽ? በዚህ ጉልበቴ!"

"አልጠሩኝማ፣ አክስቴ።"

"ምን?"

"ለአልጋው። ማንም አልጠራኝም። ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅኩ።"

አክስት ፖሊክሴኒ ሰምተው የማያውቁት ጉድ የተነገራቸው መሰለ። "ጥሪ የሚጠራው እንግዳ ነው! የሙሽሪትን የፎቲኒን የአክስት ልጆች ጠራሁ፤ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራሁ። የቤት ልጅ 'ነይ አልጋ አንጥፊ' ተብላ ትጠራለች? ሥራዋ አይደለም እንዴ! እኔ እኮ ስንፍና ነው ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስረግምሽ ነው የዋልኩት!"

ስትረገም መዋሏን ሰምታ እንደ ሚርሲኒ ደስ ያላት ሴት በካቫላ ተፈጥራ አታውቅም። አክስቷን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ሳመቻቸው።

"ተይኝ፣ ትበክዪኛለሽ! ሳኪስ፣ ከማቀዝቀዣው እርጎ አምጣ!"

ሳኪስ እርጎውን አመጣ። አክስትየው የቀላውን ጉንጭ በቀዝቃዛው እርጎ በስሱ ቀቡት፤ ሲጨርሱም ክፉ ዓይን እንዳያያት "እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ" አሉባት። ግማሹ ትፍታ እርጎው ላይ አረፈ።

"እና... ምላጩስ?" አለ ሳኪስ ፈራ ተባ እያለ። "ላምብሮስ እሷ ትላጨኝ ብሏል እኮ።"

"ምን አልክ አንተ? አንሶላ የምታነጥፍ ልጅ ምላጭ ልትይዝ? ሙሽራ በሚላጭበት ክፍል ሴት ገብታ አይተህ ታውቃለህ? ነውረኛ! በሩም ጋ ድርሽ አትልም!"

"እሱማ ነውር ነው" አለች ሚርሲኒ፣ እርጎው እየተንጠባጠበ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ክልከላ በሕይወቷ አልገጠማትም።

ፎቁ ላይ ስትደርስ ልጃገረዶቹ ፊቷን አይተው በሳቅ ወደቁ፤ አንዷ "እኔንም ቀቡኝ!" ብላ ጉንጯን ሰጠች። ሚርሲኒ የአንሶላውን አንድ ማዕዘን ያዘች። ዘፈኑ ተነሣ፣ አንሶላው ተነፍቶ ወረደ፣ ትራሱ ተደረደረ፣ ሩዙ ተበተነ። እጆቿ ሥራውን የሚያውቁት ይመስል ነበር፤ ማዕዘኗን አጥፋ፣ ወጥራ፣ በመዳፏ አለሰለሰችው።

በደንቡ መሠረት ሙሽራው አልጋውን ሊመረምር ገባ። ላምብሮስ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ እንደ ወታደር አዛዥ ዞሮ ዞሮ አየና ብርድ ልብሱን ገፈፈው።

"አይረባም! እንደገና!"

ጩኸት ሆነ። እንደገና ተነጠፈ፤ እንደገና በተነው። ትራስ ተወረወረበት፣ ለውዝ ዘነበበት። በሦስተኛው፣ አልጋው ባማረበት ጊዜ፣ በሚርሲኒ ማዕዘን በኩል ቆሞ እርጎ የተለቀለቀ ፊቷን አየ።

"ይኼን ያነጠፈችው እህቴ ናት?" አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "ስለዚህ ነዋ የተጣመመው! ገና ልጅ ሆነን የእሷ አልጋ አንድ ቀን እንኳ ተነጥፎ አይቼ አላውቅም!"

ሚርሲኒ በትራስ አናቱን አለችው። ላምብሮስ እየሳቀ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

"ስሚኝ፣ በእናትሽ፣ ነገ ተደብቀሽም ቢሆን ነይ ላጪኝ። ሳኪስ ያርደኛል!"

ሚርሲኒ ወንድሟን አየችው። በሩ ላይ አክስት ፖሊክሴኒ ዓይናቸውን አፍጥጠው ቆመዋል።

"አልችልም ወንድሜ" አለችው። "ሴት አይፈቀድላትም።"

ጣፈጣትና ደገመችው፤ ፎቁ ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብላ።