የሉሊት «አላውቅም»

«እኅት ሉሊት፣ ወንድም አጵሎስ ከአንቺ ጋር ለትዳር እንደተነጋገራችሁ ነግሮናል። እውነት ነው?»

ጋሽ ነህምያ ይህን የጠየቁት በለሰለሰ ድምፅ ነው። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰው ማስደንገጥ አያውቁም። ደንቡም የታወቀ ነው። ወንዱ አሳቡን ለሽማግሌዎች ያሳውቃል፣ ሴቷ ተጠርታ ትጠየቃለች፣ «እውነት ነው» ትላለች፣ ይጸለያል፣ አለቀ። ሉሊትም ይህችን መልስ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመዳት ከርማለች።

በልጃቸው ጉዳይ አባቷም እዚያ እንደሚቀመጡ ግን ማን ነገራት? አቶ ኦይታ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለሆኑ ከቀሩት ጋር ተደርድረዋል። አጵሎስ ለጋሽ ነህምያ የነገረውን ገና አሁን መስማታቸው ነው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አፍ አፏን ያያሉ። አጵሎስ በሩ ሥር ለብቻው ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሯል። የሁሉም ዐይን እሷ ላይ ነው። ከዚያ ክፍል ቶሎ ለመውጣት ብቻ ስትል አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አላውቅም።»

«አልተነጋገራችሁም ማለት ነው?»

«አላውቅም» አለች ደግማ፤ ወጣች። እሰይ፣ ተገላገለች! አጵሎስ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ሰኞ፣ ሲቀላ ሰፈር በምትሠራበት ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅራ አንዱን ስላይድ ደጋግማ አየችው፤ የምታየው ግን በሩ ሥር ያለውን ወንበር ነበር።

ይህች ጠባብ ክፍል ለሉሊት ተለክታ የተሠራች ናት። ደም አያፈጥባትም፣ ጥያቄ አይጠይቃትም። ውጤቱን ጽፋ በትንሿ መስኮት ታቀብላለች፤ ለሕመምተኛው የሚያስረዳው ሌላ ሰው ነው። ወንበሯን ከቦታ ቦታ ስታዛውር እንኳ ወለሉን ፍቆ የሰው ዐይን እንዳያመጣባት በሁለት እጇ ተሸክማ ነው። ነርሷ ከውሰር «ድመቷ» እያለች የምትጠራት ለዚህ ነው።

አጵሎስንም ያገኘችው እዚሁ ነው። ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበለተ ለሆቴሎች ያደርሳል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከምእመኑ ሁሉ ኋላ ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ይቆጣጠራል። በመልክ ታውቀው ነበር እንጂ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር። ወባ ይዞት መጥቶ ጣቱን ልትወጋው ስትል ፊቱን አዞረባት።

«ዓሣ ስትበልት እየዋልክ ደም ትፈራለህ?» የሚል ነገር ከአፏ አመለጣት። ከቤተሰቧ ውጭ ላለ ወንድ ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም።

«የዓሣው ደም የእኔ አይደለማ» አለ። ሁለቱም አፈሩ።

ከዚያ ወዲህ ከአምልኮ በኋላ እሱ የማጉያውን ገመድ ሲጠቀልል እሷ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሲደዋወሉም ብዙውን ጊዜ ዝም ነው፤ ስልኩ እንዳልተቋረጠ ለማወቅ «አለሽ?» ይላታል፣ «አለሁ» ትለዋለች። «ለምን አትናገሪም?» ብሎ ያልጠየቃት ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። እሱ ራሱ ሽማግሌዎቹ ፊት ለመቅረብ ድፍረቱን እስኪያገኝ ዓመት ፈጀበት። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ለአንዲት ደቂቃ እፎይታ ብላ ውሸታም ያደረገችው።

«ድመቷ!» ከውሰር በመስኮቱ አንገቷን አስገባች። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ ከበሽተኛው ፊት ብሷል።»

«ምንም።»

«ወላሂ፣ ይሄ ምንም የምትሉት በሽታ ነው ሰው የሚገድለው። ተናገሪ።»

ሉሊት ስላይዱን እያየች፣ ቀና ሳትል፣ በተቆራረጠ ቃል ነገረቻት። የከውሰር ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«አጃኢብ ነው! እሱስ ምን አለሽ?»

ሉሊት ስልኳን አቀበለቻት። ትናንት ከሰዓት የገባ መልእክት ነበር፦ ችግር የለም። እንደከበደሽ ገብቶኛል። አይዞሽ።

«ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ሉሊት፤ እንባዋ መጣ።

«ይሻልሽ ነበራ። ስድብ ቢሆን እኩል ትሆኑ ነበር።»

እኩለ ቀን ላይ አቶ ኦይታ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው አትክልት ቦታቸው የበሰለ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥለው ከች አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ሙዙና ቤተ ክርስቲያኑ ነው። መስኮቱ ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለልጃቸው ኮፍያ ሲያወልቁ አይታ አታውቅም።

«ትናንት አኮራሽኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እቤት እናትሽ ፊት አላነሣሁትም፤ እንዳታፍሪ ብዬ ነው። ጋሽ ነህምያ 'እስቲ እንደገና ለብቻዋ እንጠይቃት' ብሎ ነበር። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ልጄ አትናገርም እንጂ ከተናገረች አትዋሽም አልኳቸው። ሁሉም አመኑኝ።»

ሉሊት የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

«እሱስ… ምን አለ?»

«ምን ይላል! 'ተሳስቼ ይሆናል' ብሎ አንገቱን ደፋ። ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጠርተነዋል፤ ከአገልግሎት እናነሣዋለን። እሑድ ለምእመኑ ይነገራል። የእኅትን ስም አንሥቶ የዋሸ ሰው እንዴት በጌታ ቤት ያገለግላል? ይልቅ አንቺ ተባረኪ። ዝም አይነቅዝም እያልኩ ያሳደግኩሽ ለዚህ ለዚህ ነው።»

«አባዬ…»

«ወዬ ልጄ።»

አባቷ ጎንበስ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ጠበቋት። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ እንዴት በቀለለ።

«ሙዙን… እነ ከውሰርም ይብሉ?» አለች።

ሙዙን! ሰውየው ስሙ ሊጠፋ ነው፣ እሷ ሙዙን ትላለች።

«ይብሉ እንጂ፣ ምን ትጠይቂያለሽ» አሉና ኮፍያቸውን አድርገው ሄዱ።

አንዱን ሙዝ ልጣ ነከሰችና መዋጥ አቃታት። ሰው ሁሉ ጨዋ ሲላት የኖረው እሷ አፏን ስለማትከፍት ነው። ያም ጨዋነት በዚህች ሰዓት የሰው አንገት ማስደፊያ ሆኖ አረፈው። በራሷ ላይ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ስልኳን አነሣችና ለአባቷ መጻፍ ጀመረች፦ አባዬ፣ ትናንት ደንግጬ ነው። አጠፋችው። እንደገና ጻፈች።

ከውሰር ከኋላዋ ቆማ ኖሯል።

«ሰውየውን በአፍሽ አዋርደሽ በቴሌግራም ልትክሺው ነው?»

«በአፌ አልችልም። አንቺ እኔን አይደለሽም፣ አይገባሽም። አምስት ሰው ሲያየኝ የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል።»

«እሺ፣ አይገባኝም። እሱስ ይወድ ኖሯል ሰው ፊት መቆም?»

ሉሊት ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሑድ ከተነገረ በኋላማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» አለች ከውሰር። ከዚያ ድምፅዋን አለዘበች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወባ ያለበትን ሰው የለበትም ብለሽ ውጤት ሰጥተሽ ኋላ ብታውቂ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አስጠራዋለኋ። ተሳስቻለሁ እለዋለሁ።»

«ብታፍሪስ?»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ ከውሰር፣ ምን ማፈር አለ…» አለችና ቀጥ አለች።

ከውሰር ከፌስታሉ አንድ ሙዝ አንሥታ ወጣች።

ከሥራ ቀደም ብላ ለመውጣት እንኳ ማስፈቀድ ነበረባት፤ እሱንም ለከውሰር ሳትተው ራሷ ገብታ አስፈቀደች። ባጃጁ ሽቅብ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ወደ ሴቻ ሲወጣ «እውነት ነው» የሚለውን ልትለማመድ ሞከረችና ተወችው። ለምዳው ምን ፈየደላት? ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስትደርስ እግሯ ወደ ሴቶች መጸዳጃ ወሰዳት። እዚያ ፊቷን ታጥባ፣ እንደገና ታጥባ፣ ሰዓቱ እስኪያልፍ ልትቆይ እንደምትችል ገባት። ማንም አይፈልጋትም፤ ማንም አይወቅሳትም። አጵሎስ እንኳ አይወቅሳትም። ይኼኔ ነው ቧንቧውን ዘግታ የወጣችው።

የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ሳታንኳኳ ገፋችው፤ ካንኳኳች «ማነው?» ሊሏት ነው፣ መመለስ ሊያቅታት ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ትናንቱ ተደርድረዋል። አጵሎስ ያው በሩ ሥር፣ ያው ወንበር ላይ፣ እጁን ጉልበቶቹ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል። ቀና አላለም። ጋሽ ነህምያ የጀመሩትን ንግግር አቋረጡ።

«እኅት ሉሊት፣ ዛሬ እኮ አልተጠራሽም።»

«ዐውቃለሁ።»

አቶ ኦይታ ደንግጠው ከአጠገባቸው ያለውን ባዶ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉላት። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ። ምን ሆነሽ ነው?»

ወደ አባቷ ሄደች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች፤ ልማዷ ሆኖ ልታነሣው አለች። ተወችው። የብረት እግሮቹን በሲሚንቶው ላይ እየጎተተች ክፍሉን አቋርጣ ወደ በሩ ሄደች። ወንበሩ ጆሮ እስኪያም ጮኸ። ውጭ የሚለማመዱት መዘምራን ዝም አሉ፤ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አኮሳተሩ። አጵሎስ ቀና አለ።

ወንበሩን ከእሱ አጠገብ አቁማ ተቀመጠችበት። የሁሉም ዐይን እሷ ላይ ነው፤ የአባቷም።

«ጋሽ ነህምያ» አለች። «ትናንት የጠየቁኝን አሁን ይጠይቁኝ። አባቴ እየሰማ።»