እጅጌው አይጠቀለልም

...ደግሞ እጅጌው አይጠቀለልም፣ ሌሎቹ ልጆች እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው ሲጠብቁ የሷ ክርኗ ላይ ደርሶ ቀጥ፣ እናቷ ናት ያጠበበችው፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ የሴት ልጅ እጅጌ ሲንዘላዘል አልወድም ብላ፣ እጅጌ በማጥበብ ጨዋ ልጅ የሚሰፋ ይመስላታል፣ ይመስላታል ብቻ፣ አሁን የክትባቱ ወረፋ ላይ ከፊቷ ሁለት ልጅ ነው የቀረው፣ ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ የወላጅ ፊርማ የሚለው መስመር ላይ ምንም የለበትም።

ምንም።

ነርሷ የቤተ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ አልብሳዋለች፣ በረዶ ያለበት ሰማያዊ ሳጥን አጠገቧ፣ ቀጣይ፣ ስንት ዓመትሽ ነው፣ ክንድሽን ልቀቂው፣ በቃ አለቀ፣ ቀጣይ። ይኼው ነው እንግዲህ፣ ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅ የሚያልቅ ነገር፣ ለዚህ ነው እናቷ ሦስት ቀን ሙሉ እንቢ ያለችው፣ እንቢ ስትልም መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ በቀን መቶ ጊዜ ጣቷን የምትወጋ ሴትዮ አንዲት መርፌ ትፈራለች።

ወረቀትሽስ፣ ትላታለች ነርሷ። ትሰጣታለች። አልተፈረመም እኮ የኔ ቆንጆ፣ ስንት ዓመትሽ ነው። አሥራ አራት፣ ሐሙስ አሥራ አምስት ይሞላኛል፣ ድምፅዋ ዝቅ ስለሚል ነርሷ ጎንበስ ብላ ትሰማታለች። ሐሙስ፣ አይ፣ እኛ ዛሬ እስከ ምሳ ነን፣ ከዚያ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት እንሄዳለን፣ ክትባቱ እስከ አሥራ አራት ዓመት ነው፣ ተመልሰን ስንመጣ አንቺ ዕድሜሽ አልፏል፣ ሮጠሽ አስፈርመሽ ነይ፣ እናትሽ ሩቅ ናት እንዴ።

ሁለት መንገድ አቋርጦ ነው። ሩቅ አይደለችም። በጣም ሩቅ ናት።

ዘበኛው በሩን ይከፍትላታል፣ ወዴት ነው አይላትም፣ እሷን ማንም ምንም ጠይቋት አያውቅም፣ ዝምተኛ ልጅ ሁሉም በር ይከፈትላታል። ትሮጣለች። ትናንት እናቷ ምን ነበር ያለችው፣ ገና ልጅ የሆነችውን ልጄን ከአሁኑ ለዚያ ነገር ያዘጋጇታል እንዴ፣ ለየቱ ነገር እማ፣ አንቺ ዝም በይ፣ ሰው ምን ይለኛል። ሰው። ሰው ማለት ለቀሚስ ልኬት የሚመጡት ሴቶች ናቸው፣ ሚጣስ ሰው አይደለችም፣ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ የተኛችው የእናቷ ታናሽ እህት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አሁንም ሁሉም ሚጣ ነው የሚላት፣ በዚህ ዓመት ብቻ እናቷ ያንን ሰማያዊ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አጥብባላታለች፣ ሦስት ጊዜ፣ ትናንትናም እንቢ እያለች ጭኗ ላይ የነበረው ቀሚስ እሱው ነው፣ እንዴት ነው ሰው እጁ የሚያውቀውን ልቡ የማይሰማው።

ከሚጣ ጋር ካርድ ይዛ ሆስፒታል የሄደችው እሷ ናት፣ እናቷ አይደለችም። የማህፀን በር ካንሰር አለ ሐኪሙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው የሚያመጣው፣ አሁን ለልጆች ክትባት አለው፣ አንቺ ልጅ በነበርሽበት ጊዜ አልነበረም እንጂ፣ ሚጣም ወደሷ ዞር ብላ ሰማሽ አለቻት፣ ሰማሽ ብቻ። እናቷ ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ለደንበኞቿ ግን ምን ትላለች፣ ጨጓራ። ጨጓራ ነው፣ ምግብ አይስማማትም። የፈለገው ይጥፋ፣ ስም አይጥፋ ነው ነገሩ።

ቀስ በይ ይላታል አንድ ባለ ጋሪ። አትልም።

ግን ማን ላይ ነው የምትናደደው፣ እስቲ እውነቱን፣ አምና ማን ነው ያነበበው። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ እናቷ ዓይኗን ከስፌቱ አታነሳም፣ ትንንሽ ፊደልም አይታያትም፣ ስልኳ ላይ የመጣውን ሁሉ የምታነብላት እሷ ናት፣ የደንበኛ ልኬትም ሆነ የልደት ምኞት። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ፣ እዚያ ግን ከመኪናው በላይ መጮኽ አለባት፣ ትጮኻለች፣ ሴቶቹም ጎበዝ አንባቢ ይሏታል። ያ መልእክት መጣ፣ እህቶች ተጠንቀቁ የሚል፣ ክትባቱ ልጆቻችንን መሃን ሊያደርግ ነው የሚል፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ እሷም ድምፅዋን እንደ ዜና አንባቢ ወፈር አድርጋ አነበበችው፣ መሃን የሚለው ላይ ቆም ብላ፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አፏን በእጇ ስትይዝ ደስ ብሏት። ደስ ብሏት። ድገሚው አሏት፣ ደገመችው። የዩኒፎርም ሰሞን ነበር፣ የሰፈሩ እናት ሁሉ በዚያ በር ገብታ ወጥታለች፣ እናቷም ሜትሩን በልጆቹ ወገብ ላይ እያዞረች ለሁሉም አወራችላቸው፣ የሁሉን ልጅ ወገብ የምታውቅ ሴት ስለ ማህፀን ስትናገር ማን አያምናትም።

ለዚህ ነው ዛሬ ወረፋው አጭር የሆነው።

ሱቁ ክፍት ነው፣ መኪናው ይንኳኳል፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ቀሚሷ እስኪያልቅ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ፣ ትላለች እናቷ ቀና ሳትል። ደብዳቤ ላንብብልሽ። ኋላ። አሁን ነው እማ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ትስቃለች፣ አንብቢልን እስቲ፣ አንቺ ከጠፋሽ ወዲህ ወሬ ርቦናል።

ታነባለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ከዚያ መኪናው ስለሚጮኽ ትጮኻለች፣ ይህ ክትባት የማህፀን በር ካንሰርን ከሚያመጣው ቫይረስ ይከላከላል፣ ልጅ ከመውለድ አያግድም፣ አያግድም የሚለው ላይ መኪናው ቀጥ ይላል፣ ድምፅዋ ብቻውን ሱቁ ውስጥ ይቀራል፣ ትልቅ ሆኖ።

በቃሽ። አይበቃኝም እማ፣ አምና ያነበብኩላችሁ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ ያነበብኩት። እንግዲህ ያኔም አንቺ አሁንም አንቺ፣ የቱን እንመን፣ ትላለች የዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ አሁን አትስቅም፣ እናቷ ግን ለደንበኛዋ ፈገግ ትላለች፣ ያቺን ፈገግታ፣ ተያት ልጅ ናት፣ ብትመታት ይሻል ነበር።

ጨጓራ አይደለም።

ከመጋረጃው ጀርባ ነው። ጨጓራ አይደለም ያለብኝ፣ ትላለች ሚጣ በቀጭን ድምፅ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፣ ጨጓራ የምትላችሁ ፈሪ ስለሆነች ነው፣ ፈርሚላት እንጂ አንቺ፣ ቀሚሴን ለአራተኛ ጊዜ ሳታጠብቢው።

ሜትሩ ከእናቷ አንገት ላይ ይወድቃል፣ አታነሳውም። ምላጯን ታነሳለች። ነይ ወዲህ። ትቀርባለች፣ እየፈራች ነው፣ እየፈራችም ተናዳለች፣ እናቷ ክንዷን ትይዝና የእጅጌውን ስፌት ከታች ጀምራ ትተረትረዋለች፣ በድርብ ክር የሰፋችው ነው፣ ጠር ጠር ይላል፣ እስከ ትከሻ፣ ይኼ እንዴት ይጠቀለላል ትላለች ለራሷ፣ ምን ነክቶኝ ነው እንዲህ የሰፋሁት። ከዚያ ወረቀቱን መኪናው ላይ አድርጋ፣ መስመሩ የት ነው፣ አሳዪኝ። ታሳያታለች። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ፊርማዋ ግን ይጣመማል።

እማ ዓይኗን አታነሳም። እሷም አመሰግናለሁ አትልም፣ ንዴቷ አልወጣላትም፣ ምናልባትም ለረጅም ጊዜ አይወጣላትም፣ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሩ ጋ እጇን ይዛ፣ የኔዋ ልጅ ወረቀት ዳቦ መጠቅለያ ሆኗል ትላታለች ቀስ ብላ፣ ሌላ ይሰጧታል እንዴ። እኔ እንጃ፣ ይምጡና ይጠይቁ፣ ስሮጥ ይከተሉኝ ትላታለች፣ ደግሞም እየሮጠች ነው፣ ሰዓቱ ስንት ነው፣ ምሳ አልደረሰም፣ ባለ ጋሪው እንደገና ቀስ በይ ይላታል፣ እጅጌዋ ከትከሻዋ እስከ እጇ ተከፍቶ ይንዘላዘላል፣ መንገዱ ሁሉ እያየው ይንዘላዘላል፣ ይንዘላዘል።