ልጅቷ ያስጀመረችው ምርመራ

ልብስ ሰፊዋ "ልጅሽ ምን ትሠራለች?" ተብላ ስትጠየቅ፣ "ያው ላቦራቶሪ ናት፤ ደምና ሽንት ታያለች" ብላ ነበር የምትገላገለው። ልጅቷ ስለ ሥራዋ ስታወራ እሷ "እህ፣ እህ" ትላለች እንጂ ዓይኗ ከስፌት መኪናዋ አይነሳም። ልጇ ጎበዝ እንደሆነች ታውቃለች፤ በምን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ቀን የልጇ ጭቅጭቅ ሲያንገሸግሻት ሄዳ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ አደረገች። ነርሷ ደውላ "ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ተገኝቶብዎታል፤ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው" ስትላት መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ እናትየው በር ላይ ተቀበለቻት።

"በዚህ ዕድሜዬ! አባትሽ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ሰው ምን ይለኛል?"

"ምንም አይልሽም፣ እማ። ብዙ ሴት አንድ ቀን ይይዛታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስታውቅ ይለቃል። ለዓመታትም አድፍጦ ሊቆይ ይችላል። ዋናው ሴሎቹን ነክቷል ወይ የሚለው ነው።"

"እሱስ በምን ይታወቃል?"

"ቫይረሱ ሴሉን ማበላሸት ሲጀምር አንድ ፕሮቲን ከልክ በላይ ይከማቻል። ናሙናው ላይ ቀለም ስናደርግበት ቡናማ ሆኖ ይታያል።"

"በይ አንቺው እይልኝ።"

"የእናቴን ናሙና እኔ አልነካም። ዓይኔ የፈለገውን እንዳያይ ሌላ ሰው ያየዋል።"

እናትየው ተቀየመች። በቀጠሮዋ ቀንም ብቻዋን ሄደች።

ሽበታሙ ሐኪም የናሙናዋ ምስል ያለበትን ኮምፒውተር ወደ እሷ አዞረላት። በሰማያዊው መሀል ወፍራም ቡናማ መስመር ይታያል።

"ካንሰር አይደለም። ካልነካነው ግን ወደዚያው ነው የሚሄደው" አላት። "በተለመደው ቀለም ስናየው አጠራጣሪ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ቢሆን ከዓመት በኋላ ይመለሱ ብዬ እሸኝዎት ነበር። ይሄን ምርመራ ያስጀመረችልን አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለናት ነበር። ሦስት መቶ የቆዩ ናሙናዎች በዚህ ቀለም መርምራ፣ ያመለጡንን አሥራ አራት ሴቶች ስታሳየን አፋችንን ይዘን ቀረን።"

"የትኛዋ ናት?"

"ያቺ ቀጭኗ፣ መነጽር የምታደርገው፤ ክርክር የማይሰለቻት።"

"ልጄ ናት" አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምጿ እሷው ካሰበችው በላይ ጮክ አለ። ሐኪሙ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣት።

ኮሪደሩ ላይ ልጇን ነጭ ጋውን ለብሳ አገኘቻት።

"እንዲህ ያለ ነገር ሠርተሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሽ ነበር። የሰው ዚፕ እየቀየርሽ ነበር።"

እናትየውን ሳቅ አፈናት፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞላ። ሰው እያየ፣ መሀል ኮሪደር ላይ ግንባሯን ሳመቻት።

የተበላሸው ቦታ ተቆርጦ ወጣ፤ ጠርዙም ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረ ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሱቋ የገባች ሴት ወገቧን ሳትለካ "ተመርምረሻል?" ትባላለች። በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶችን ራሷ እየመራች ወሰደች። ከነሱ የአንዷ፣ የጎረቤቷ የፀጉር ሠሪዋ፣ ውጤት ቡናማ ሆነ። በሕክምናዋ ቀን ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ አብራት ሄደች።

"ያንቺም እንዲህ ነበር?" አለቻት ፀጉር ሠሪዋ በፍርሃት እጇን ጨብጣ።

"እንዲሁ ነበር። ይኸው አለሁ። ያገኘችው የልጄ ምርመራ ናት፤ አንቺንም በጊዜ ነው ያገኘችሽ" አለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።