ማርያም የሳመቻት

«ልጅቷ ክፍል ውስጥ ወደቀች» ብለው ሲደውሉልኝ አዋሽ ያለችውን ሱቄን በቅጡ እንኳ ሳልቆልፍ የጎረቤቴ የደስታው ጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ። የአዳይቱን ከተማ እስክናልፍ አፌ ከዱዓ አልቦዘነም። የልጅ ልጄ ኑርሀያት ሰመራ ነው የምትማረው። እናቷ ኡበይዳ ከሞተች ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ዘንድሮ እዚያው ሰመራ ለምትኖረው ወዳጄ ለሙጂባ ልጅ ታጭታለች።

ሆስፒታል ስደርስ ሙጂባ ቀድማኝ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ዶክተር ይገዙ የሚባለው ሐኪም የልጅቷን ልብ በማሽን ሲያይ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ልቧ ውስጥ የሚወዛወዝ ነገር አለ። የረጋ ደም ከሆነ ማቅጠኛ መድኃኒት ሰጥተን ጥቂት ቀን እናያለን። ዕጢ ከሆነ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ዛሬውኑ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ትሄዳለች።» ከንፈሯና ዓይኗ ጥግ የተበተኑትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሳየኝ። «ይሄ በዘር ከመጣ ዕጢ ነው የምለው። ከቤተሰብ ሌላ ሰው አለው? በድንገት የሞተስ?»

«በዘር» የሚለውን ስትሰማ ሙጂባ አንገቷን አሰገገች።

«ኧረ ማርያም ስማት ነው!» አልኩ፣ ሳቅ ለማለት እየሞከርኩ። «እኛ ዘር ውስጥ በሽታ የለም። እናቷንም ምች ነው የገደላት።»

«የእርስዎስ ከንፈር?» አለ፣ እኔም ከንፈር ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች እያየ።

«ንቅሳት ነዋ! የልጅነት።»

«እኔም ድዴን ተነቅሻለሁ፣ ዶክተር» አለች ሙጂባ። «የወሎን ሴት ሁሉ ሆስፒታል ሊያስተኙ ነው?»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ የማቅጠኛውን ማዘዣ መጻፍ ጀመረ።

ኑርሀያት ጫማዋን ልትፈልግ ጎንበስ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ትራሱ ላይ ተመልሳ ወደቀች። ያረቢ! ኡበይዳም ጀሪካን ልታነሳ ጎንበስ እንዳለች ነው የቀረችው።

የሐኪሙን እጅ ከነብዕሩ ያዝኩት።

«ንቅሳት አይደለም! ከእናቴ የወረስኩት ነው። ኡበይዳም ነበራት። ደህና ሳለች ነው ድፍት ያለችብኝ፤ ምች ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ማዘዣውን ቀዶ ጣለው። «አምቡላንስ!» እያለ በሩን ከፈተ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እርስዎም አይሂዱ፤ ልብዎ መታየት አለበት» አለኝ።

«የኔ ይቆይ! አብሬያት እሄዳለሁ!»

ሙጂባ ትክ ብላ አየችኝ።

«ውሸታም!» አለች፣ የልጅቷን ነጠላ ከራስጌ እያነሳች። «አንቺ አልጋው ላይ ውጪ። እሷን አዲስ አበባ ድረስ እኔ እደግፋታለሁ። የሰርጉን ነገር ስመለስ እንጣላበታለን።»